የጋሼ ጉልበት

"ማንም እንዳያነሳው! ባለበት ይቆይ!"

የጋሼ እናት የአዳራሹን በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው ይህን የአሰልጣኟን ድምፅ ነው። ከዚያ ልጇን አየችው። ከማይንቀሳቀሰው ብስክሌት ሥር፣ ሰማያዊው ምንጣፍ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። አገጩ ተሰንጥቆ ደሙ የካናቴራውን አንገትጌ አርሶታል። አሰልጣኟ አጠገቡ ተንበርክካ በንጹሕ ጨርቅ አገጩን ደግፋ ይዛለች።

እናትየው ከፀጉር ቤት በስልክ ተጠርታ በሩጫ ነው የመጣችው። ሽርጧን አልፈታችም፤ የጣቶቿ ጫፍ በቀለም እንደጠቆረ ነው። አንዲት ደንበኛ ፀጉሯ በግማሽ ተቀብቶ ወንበር ላይ ቀርታለች። ከደሙ ይልቅ ግን ያስደነገጣት የልጇ ዝምታ ነበር። ጋሼ ጥፍሩ ሲቆረጥ እንኳ ሰፈር የሚያነቃ ልጅ ነው። አሁን አገጩ ተሰንጥቆ፣ ዓይኑን በግማሽ ከድኖ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ጋሼ ሽማግሌ አይደለም። ሃያዎቹን የጀመረ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ወጣት ነው። ሕፃን ሳለ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ግቢውን ሲዞር ያየች አንዲት ጎረቤት "ጋሼ፣ ደህና አደሩ?" ብላው በዚያው ቀረ። የወጣለት ስም የሚታወሰው ሐኪም ቤት ካርድ ሲወጣ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ከባድ ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት ካሉ ዓመታት አልፈዋል። አይናገርም። የሚፈልገውን የሚያመለክተው የሰው አንጓ ይዞ እየጎተተ ነው። ጫጫታ ያሳብደዋል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ራሱን ይመታል፤ ለዚህም ማታ ማታ የሚያረጋጋ መድኃኒት ታዝዞለታል።

"ምን አደረግሽው?" አለች እናትየው።

"እትዬ፣ ጥሩ አድርጎ ፔዳሉን እየመታ ነበር። ድንገት ጭንቅላቱ ወደ ፊት ድፍት አለ። ልይዘው ስል አመለጠኝ፣ መሪው ላይ አገጩን..."

"ልይዘው ስል? አንቺ ቆመሽ የት ታይ ነበር?"

"አጠገቡ ነበርኩ።"

"አጠገቡ ሆነሽ ነው እንዲህ የሆነው? አንቺን አምኜ አይደለም እንዴ ልጄን የሰጠሁሽ?"

አዳራሹ እንደ ጋሼ ያሉ ወጣቶች የሚውሉበት ማዕከል ነው፤ ሌሎቹ ጩኸቱን መቋቋም አልቻሉም። ወደ ኋላ ብቻ መራመድ የምትወደው ረጅሟ ልጅ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ጆሮዋን ያዘች። የአሰልጣኟ ረዳት ልጅቷን ወደ ውጭ ይዛት ወጣች።

አሰልጣኟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይስሙኝ፣ እትዬ። እኔን ያስደነገጠኝ መውደቁ ብቻ አይደለም። ልጁ ሰሞኑን ልክ አይደለም። ከባዱን ትራስ መግፋት ይወድ አልነበር? አሁን ደገፍ ብሎበት ይቆማል። ኳስ ስወረውርለት እጁ የሚመጣው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው። ትናንት ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። መድኃኒቱ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?"

"እኔ ቤት ልትገቢ ነው ደግሞ?"

"መጠየቄ ነው።"

"መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ! ማታ ማታ፣ በገዛ እጄ! የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጥሽው አንቺ ነሽ። በስፖርት ብዛት ገደልሽብኝ።"

የማዕከሉ ነርስ መጥታ ቁስሉን አጥባ በፕላስተር ገጠመችው፤ መስፋት አያስፈልገውም፣ ግን ዛሬ ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ አለች። እናትየው የልጇን ክንድ ይዛ "ተነስ፣ ጋሽዬ፣ እንሂድ" አለችው። አልተነሳም። ሳበችው። ምንጣፉን ጨምድዶ ያዘ። በሁለት እጇ ሳበችው፤ እንደ ተተከለ ግንድ ነው። ላቧ መጣ። ያኔ አሰልጣኟ ወደ ግድግዳው ሄደች። እዚያ የየዕለቱ ሥራ በሥዕል ተደርድሯል፤ ኳስ፣ ትራስ፣ ብስክሌት፣ የውሃ ብርጭቆ፣ መጨረሻ ላይ የተዘጋ በር። የብስክሌቱን ሥዕል ገልብጣ የተዘጋውን በር አምጥታ ዓይኑ ፊት ያዘችለት፤ ምንም ሳትናገር ጠበቀች። ጋሼ ሥዕሉን አየ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ።

ይህ ደግሞ እናትየውን ከደሙ በላይ አበሸቃት።

ይህችው አሰልጣኝ ናት እኮ። ጋሼ መጀመሪያ እዚህ የመጣ ጊዜ አዳራሹን አልገባም ብሎ ከበሩ ሥር ጆሮውን ይዞ ተቀምጦ ክረምቱ አለፈ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይተወው ነበር። ይህች ግን በየቀኑ መጥታ አጠገቡ ወለል ላይ ትቀመጥና ኳስ ወደ እሱ ታንከባልላለች። ኳሱን ካልነካው ራሷ ሄዳ ታመጣለች፣ እንደገና ታንከባልላለች። "ምንድን ነው ሥራሽ?" ብላ እናትየው አንድ ቀን ስትጠይቃት "መጠበቅ ነው፣ እትዬ" ብላ ሳቀች። አንድ ቀን ጋሼ ኳሱን በእግሩ መልሶ ላከላት። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ መስመር የያዘው። በቀለም ፕላስተር የተሰመሩ መስመሮችን መሻገር፣ ዝቅተኛ መወጣጫ ላይ መውጣት፣ ከባዱን ትራስ ከግድግዳ ግድግዳ መግፋት፣ ከዚያ ብስክሌቱ። እቤት እንቅልፉ ተስተካከለ። ራሱን ከግድግዳ ማጋጨቱ ቀነሰ። ሕፃን ሆኖ የተሸከመችውን፣ አድጎም እየጎተተች ታወጣው የነበረውን ልጅ አንድ ቀን የቤታቸውን ደረጃ እግሩን እያፈራረቀ፣ ማንንም ሳይዝ ሲወጣ አይታው ሥር ሆና አለቀሰች። የዚያን ዕለት አሰልጣኟን "ልጄ" ብላት ነበር።

አሁን ልጇን መተላለፊያው ወንበር ላይ አስቀምጣ በቀጥታ የማዕከሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች።

"ወይ እሷ፣ ወይ የእኔ ልጅ" አለች።

ኃላፊው ለስላሳ ሰው ነው፤ ማንንም ማስቀየም አይወድም፤ በተለይ ወላጅ። "እስቲ ይረጋጉ፣ እትዬ። ነገሩን እናጣራለን።"

"ምኑን ነው የሚያጣሩት? ደሙን አላዩትም? ነገ የሌላ ሰው ልጅ ቢወድቅስ? እኔ ዝም አልልም። ለወላጆች ሁሉ ነው የምናገረው።"

የመጨረሻዋ ቃል ሠራች። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። "እሺ። እስኪጣራ ድረስ አሰልጣኟ ቤቷ ትቆይ።"

በሩ ክፍት ነበር። አሰልጣኟ መተላለፊያው ላይ ከጋሼ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እናትየው ስታልፍ "እባክዎ ዛሬ ደረጃውን ብቻውን እንዳይወጣ" አለቻት።

ቤት ሲደርሱ ባሏ፣ የጋሼ አባት፣ ደረጃው ሥር ጠበቃቸው። ዘመኑን ሙሉ ተሳቢ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ወገቡ እምቢ ብሎት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሰፈሩ አሁንም ሾፌሩ ይለዋል። ጋሼን በአንድ ወገን እሱ፣ በአንድ ወገን እሷ ደግፈው አወጡት። አልጋው ላይ እንዳስቀመጡት ተኛ።

የሆነውን ሁሉ ቆማ ለባሏ ነገረችው። እንዴት እንደጮኸች፣ ኃላፊው ምን እንዳለ፣ አሰልጣኟ ከሥራ እንደታገደች። ስትጨርስ ድምፅዋ ሰለለ። "አበዛሁት እንዴ?" አለች። "ቤቷን የምታስተዳድር ልጅ ናት እኮ።"

"ደግ አደረግሽ" አላት ባሏ። "እኔ ድሮም ያ ስፖርት አልጣመኝም። ለእሱ ዓይነት ልጅ ምን ያደርግለታል? ይረፍ። እቤት ይዋል ከእኔ ጋር።"

ትከሻው ላይ ደገፍ አለች። ከጠዋት ጀምሮ መጀመሪያ የተነፈሰችው ያኔ ነው። እንዲህ የሚሆንላት ሰው በማግኘቷ ሳታመሰግን የቀረችበት ቀን የለም። በተለይ ሰሞኑን። የልጁን ቁርስ ማብላት እሱ ከወሰደው ቆይቷል። "አንቺ ወደ ሥራሽ፣ እኔ አበላዋለሁ" ይላታል። ይህን ፀጉር ቤት አውርታ የደንበኞቿን ቅናት አትርፋለች። "ወንድ ልጅ ከጡረታ በኋላ ነው የሚበስለው" ብላ አስቃቸዋለች።

ጥቂት አረፍ ብላ ለቁስሉ የሚቀባ ነገርና ፕላስተር ልትገዛ ወጣች።

መድኃኒት ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነች። ባለመድኃኒቷ ጋሼን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ወሬም አታስቀርም።

"የጋሼ እናት! ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የገረጣው?"

"ወድቆብኝ ነው። አገጩን ተመታ።"

"እኔን! በጣም ነው?" የምትፈልገውን ከመደርደሪያ እያወረደች "ከአዲሱ አወሳሰድ ይሆን እንዴ?" አለች። "መጀመሪያ ሰሞን ያዞራል እኮ።"

"የምን አዲስ አወሳሰድ?"

"የጠዋቱ ነዋ። የተጨመረለት።"

እናትየው እጇ ላይ የነበረውን ቦርሳ ባንኮው ላይ አስቀመጠች። "ማን ጨመረለት?"

ባለመድኃኒቷ ዘወር ብላ አየቻት። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። "ሾፌሩ ናቸዋ... መጥተው ወሰዱ። የማታው ብቻ አልነበረም ወይ ስላቸው ሐኪሙ ጠዋትም ጨመረለት አሉኝ። ማዘዣውን በኋላ አመጣለሁ ስላሉኝ... አንቺ አታውቂም እንዴ?"

"አውቃለሁ" አለች እናትየው። ለምን እንዲህ እንዳለች ለራሷም አልገባትም። "አውቃለሁ፣ ተምታቶብኝ ነው።"

"የጋሼ እናት፣ እኔ እኮ ሰውየውን አምኜ..."

"አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔም አምኜ ነው።"

መንገዱን ሳትሻገር ትንሽ ቆመች። መኪኖቹ አልፈው መንገዱ ባዶ ሲሆን እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ቁርስ ማብላቱ። የቁርሱን ዕቃ ማሰሮ ሳይቀር አጥቦ የሚጠብቃት። ከሥራ ስትመለስ ጋሼ ሶፋ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ "ዛሬ እንዴት ጨዋ ሆኖ ዋለ መሰለሽ" የሚላት። እሷም ልጇ ተረጋጋ ብላ ደስ ያላት። ኳሱ ካለፈ በኋላ የሚመጣው እጅ።

ስትመለስ ባሏ ሳሎን ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ድምፁን ልጁ እንዳይነቃ ቀንሶታል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ምኑ?"

"የጠዋቱ።"

መቆጣጠሪያውን አንስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። መሬት መሬቱን አየ። ያላመነች መስላ ልትጠይቀው፣ የሆነ ምክንያት ሲሰጣት ይቅርታ ልትለው መንገድ ላይ ቃላት አዘጋጅታ ነበር። ዝምታው ሁሉንም አጠፋባት።

"በምን ነው የምትሰጠው?"

"በወተት።"

"ፈጭተህ?"

"በማንኪያ።"

ተቀመጠች። "ለምን?"

ባሏ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሸሚዙን ከጀርባው ገለጠ። ከወገቡ በላይ ትልቅ ሰንበር አለ፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ እየጠፋ ነው፣ መሃሉ ግን እንደጠቆረ ቀርቷል። ከአልጋ ሲነሳ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ሰምታ የድሮው ሕመም መስሏት ነበር።

"ገላውን ሳጥበው ነው" አለ። "ሳሙና ዓይኑ ገባበት መሰለኝ። በአንድ እጁ ገፋኝ። በአንድ እጁ! የገንዳው ጠርዝ ላይ በወገቤ ወደቅኩ። መነሳት አቃተኝ። እሱ ውሃውን እየረጨ ይስቃል፣ እኔ ወለሉ ላይ እንደ ሕፃን ተዘርሬያለሁ። ጎረቤት እንዳይሰማ ፎጣ ነክሼ ነው የተነሳሁት።"

"ልትመታው አልሞከርክም?"

"ልጄን? አልመታሁትም።" ሸሚዙን መለሰ። "ከዚያ በኋላ ግን ሲነሳ ልቤ ይመታል። ወደ እኔ ሲመጣ ወንበሩን በመሃላችን አደርጋለሁ። ያቺ ልጅ እግሩን ብረት አደረገችው። ትራስ አስገፋችው፣ አሁን የሚገፋው እኔን ነው። ደካማ ሳለ እይዘው ነበር።"

"ደካማ ሳለ ግድግዳውን በግንባሩ ይመታ ነበር! ረሳኸው? ደሙን አብረን አልጠረግንም?"

"አልረሳሁም። አንቺ ግን የምትመጪው ሲመሽ ነው። ከማዕከሉ ከተመለሰ በኋላ እስክትመጪ ከእሱ ጋር የምውለው እኔ ነኝ።"

ይህ እውነት ነበር። "ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለች።

"ምን ብዬ? ልጄን ፈራሁት ብዬ?"

"አዎ! እንደሱ ብለህ!"

"ለአንቺ መናገሩ ቀላል ነው።"

"እሱንስ እሺ። ፈራህ። አፈርክ። ይገባኛል እንበል።" ድምፅዋን ልጇ እንዳይነቃ አፈነችው፤ ታፍኖ የወጣው ግን ከጩኸት የባሰ ነበር። "ዛሬስ? ዛሬ መጥቼ እዚህ ቆሜ ልጅቷን አባረርኳት ስልህ? አበዛሁት እንዴ ብዬ ስጠይቅህ? አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅብህ። ደግ አደረግሽ አልከኝ እኮ። ትከሻህን ሰጠኸኝ።"

"አመለጠኝ። ምን ማለት ነበረብኝ?"

"መድኃኒቱ ላይ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በገዛ እጄ ነው የምሰጠው ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባት። ውሸታም ያደረግከኝ አንተ ነህ።"

ባሏ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። ተነስታ ጋሼ ክፍል ገባች፤ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ልጁ እጁን አገጩ ሥር አድርጎ ተኝቷል። ጉንጩን ዳሰሰችው። ስንት ጠዋት ነው እንዲህ ፈዝዞ የወጣው? በፈዘዘ እግሩ ነው ብስክሌት ላይ የወጣው፣ በፈዘዘ እጁ ነው ኳስ ለመያዝ የሞከረው። እየደከመውም ከመሞከር አልቀረም። አሰልጣኟ ስትጠብቀው እሱም የሚችለውን ያህል እየታገለ ነበር።

ጀንበር ሳትጠልቅ ለአሰልጣኟ ደወለችላት።

"አቤት፣ እትዬ" አለች አሰልጣኟ። "ደህና ነው? አስመለሰው እንዴ?"

መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልጁ ነው። እናትየው ሁሉንም ነገረቻት። ባሏን ለመሸፈን አልሞከረችም፤ ራሷንም አልሸፈነችም።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ" አለች።

"አልተቀየምኩም ብልዎ ይቀለኝ ነበር" አለች አሰልጣኟ። "ግን ተቀይሜያለሁ፣ እትዬ። ስንት ጊዜ አብሬዎ ተቀምጫለሁ። ሌላው ቢቀር ለብቻዬ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ረዳቷ እንኳ ስወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።"

"እውነትሽን ነው።"

"አሁን እሱ ይቆይ። የማታውን መድኃኒት በራስዎ እንዳያቋርጡት፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ብቻ ይስጡት። ለሐኪሙም ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩት፤ ምን እናድርግ ብለው ይጠይቁት። ሐኪሙ ከፈቀደ ነገ ያምጡት። ብስክሌት ላይ አላወጣውም፣ ቀስ ብለን ከኳሱ እንጀምራለን። አባትየውም ቢመጡ ጥሩ ነው።"

"እሱን ምን ልታደርጊው?"

"የሚገፋን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መያዝ አይቻልም። ከጎን ነው። የት እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚለቁት ማሳየት የእኔ ሥራ ነበር። ፈርቻለሁ ቢሉኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ አሳያቸው ነበር። እኔም አንዳንዴ እፈራዋለሁ እኮ። ጉልበቱ ቀላል ነው እንዴ?"

እናትየው ስልኩን ዘግታ ለሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ማድረግ ያለባትን ነገራት፤ ሌሊቱን ምን ማየት እንዳለባት፣ ምን ብታይ ይዛው እንደምትሮጥ። የጠዋቱን እሱ አላዘዘም፤ የማታው እንዳለ ይቀጥል። ደህና ካደረ ማዕከሉ ቢሄድ ችግር የለውም። እሷ ያን ሌሊት ልጇ ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ አደረች።

ጠዋት የቀሰቀሳት የአልጋው ጩኸት ነው። ጋሼ አልጋው ላይ ተቀምጦ በሙሉ ሰውነቱ እየተወዛወዘ ያጉረመርማል። ዓይኑ ጥርት ብሏል። ፕላስተሩን ለመንቀል ሲሞክር እጁን ያዘችው፤ በዚያው የእሷን አንጓ ጨብጦ ተነሳና ወደ በሩ ጎተታት። ሳታስበው ሳሎኑን አሻግሮ ወደ መተላለፊያው አወጣት። ከመውጫው በር ጋር ሲደርስ እጀታውን በመዳፉ ደጋግሞ መታ። መሄድ ይፈልጋል። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ ያደረገው? ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ፤ ከደስታው ሌላ አንጓዋም አመማት። ሲለቃት የጣቶቹ ምልክት ቀልቶ ቀርቷል። ለካ ጉልበቱ ይህን ያህል ነው። እሷ ከሥራ በምትመለስበት ሰዓት ጋሼ ደክሞት ስለሚቆይ ይህን ጉልበት ቀን ለቀን የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነበር።

ባሏ መተላለፊያው ውስጥ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ልጁ ሲያልፍ ለተሳቢ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ሆዱን ሳይቀር ሰብስቧል።

ቁርሱን እሷ አበላችው። ጫማውን እሷ አሰረችለት። ለፀጉር ቤቱ ባለቤት ደውላ ዛሬ እንደምታረፍድ ተናገረች፤ ሴትየዋ የትናንቷን ደንበኛ አንስታ ስታጉረመርም "ልጄ ነው" አለቻትና ዘጋችው።

"እኔ ልቅር?" አለ ባሏ።

"ለኃላፊው ማን ይነግረዋል?"

"አንቺ ነሽ እኮ ያመለከትሽው።"

"እኔ የእኔን እናገራለሁ። ያንተን ግን በአፍህ ነው የምትናገረው።"

"ሰው ፊት?"

"ሰው ፊት ነው ያዋረድኳት።"

ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ። "ልጅቷ ምን ትለኛለች?"

"እንዴት እንደምትይዘው ልታሳይህ ነው። ተቀይማናለች፣ ግን ታሳይሃለች።"

"አንቺስ?"

እሷ የልጇን ኮፍያ ፍለጋ የመደርደሪያውን መሳቢያ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። "እኔን ዛሬ አትጠይቀኝ" አለች በመጨረሻ። "ጫማህን አድርግ።"

ደረጃውን ጋሼ ከአባቱ ቀድሞ ወረደ። እግሩን እያፈራረቀ፣ አንድ እጁን መደገፊያው ላይ እያንሸራተተ ወረደ። እናትየው አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ አብራው ወረደች። ውጭ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል፤ የመንገድ ጠራጊዋ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? አገጭዎን ምን አገኘው?" ስትል ጋሼ እሷን አልፎ የቆመ ብስክሌት ጎማ ያይ ነበር።

መሻገሪያው ጋ ደረሱ። ጋሼ በመሃላቸው ነው። መኪኖቹ ሲቆሙ ባሏ እንደ ልማዱ የልጁን እጅ ሊይዝ እጁን ላከ። የጋሼ እናት ልጇን በትከሻው ይዛ ወደ ሌላኛው ጎኗ አዞረችውና መሃል ገባች። ባሏ ባዶ ቀርቶ የነበረውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሦስቱም መንገዱን ተሻገሩ።